ድሬዳዋ የቀረበችበት ቀን

ታላቅ እህቴ ለባቡር ሠራተኛ ተድራ ድሬዳዋ ስትሄድ፣ እናቴ አዳማ ጣቢያ ላይ ቆማ እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችላት። አባቴ አቡጀዲና ቡና በበቅሎ እየጫነ በጨርጨር ተራራ በኩል ሐረር የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። ያ አገር ምን ያህል ይርቃል ሲባል «በቅሎ ካልታመመ፣ ወንዝ ካልሞላ፣ ወር አይሞላም» ይላል። ጣቢያ የሚሠራው ጎረቤታችን ደግሞ «አዋሽ አድሮ በማግስቱ መግባት ነው» ይላል። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ አንድ ከተማ እንዴት ሁለት ርቀት እንደሚኖረው አልገባኝም። እናቴ ግን የአባቴን ቃል ያዘች። አባቴ፣ ባቡሩ ንግዱን ስለገደለበት፣ ስሙ ሲነሳም አይወድም ነበር።

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። የእህቴ መልስ እንኳ «ከዚያ ሁሉ አገር እንዴት ትጠራ?» ተብሎ ሳይደገስ ቀረ።

አንድ የበጋ ጠዋት በወለንጪቲ በኩል አይሮፕላን ጤፍ የታጨደበት ማሳ ላይ አረፈ። ሞተሩ ግሎበት ነው አሉ። ከእናቴ ጋር ሮጠን ስንደርስ የማሳው ባለቤት ዱላውን እንደያዘ «ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?» እያለ ይዞረዋል። ነጂው ፈረንጅ ነው፤ አብሮት አንድ አስተርጓሚ አለ።

«ከየት መጣችሁ?» አለችው እናቴ አስተርጓሚውን።

«ከድሬዳዋ፣ እናቴ።»

«መቼ ተነሳችሁ?»

«ዛሬ ነዋ! ቁርስ በልተን።»

እናቴ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። ገና ረፋድ ነው። «ዋሽተኻል» አለችው።

«ወላሂ አልዋሸሁም። ሞተሩ ባያስቸግረን ይሄኔ አዲስ አበባ ነበርን።»

ሰዉ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ወደ ቤት ስንመለስ ደስ ይላት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን መንገዱን ሙሉ ተቆጣች። «እዚህ ጓሮ ሆና ነው እንዴ እናቷን የረሳችው?» አለች። እህቴ ያው ያለችበት ናት፤ የተለወጠ ነገር የለም፤ ግን ድንገት አጠገባችን ሆና እንደካደችን ቆጠርናት።

በሳምንቱ እናቴ አባቴን ሳታስፈቅድ ይዛኝ ባቡር ተሳፈረች። አዋሽ አደርን። ድሬዳዋ ስንገባ እህቴ በር ላይ አየችንና ደርቃ ቀረች።

«ለምን አልመጣሽም?» አለቻት እናቴ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ሳትጠሩኝ? መልሴን ሳትደግሱ በየትኛው ፊቴ ልምጣ? የጠላችሁኝ መስሎኝ ነበር እኮ!»

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሁለቱም ጥፋተኛ አልነበሩም፤ ሁለቱም ተቀይመዋል። ማንን ማጽናናት እንዳለብኝ ሳላውቅ መሀላቸው ቆምኩ። ኋላ እህቴ ራሷ ጎንበስ ብላ የእናቴን ጉልበት ሳመች፤ ያኔ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ።

መልሱ በዚያው ዓመት ተደገሰ። አባቴ ወይፈን አረደ። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ጨርጨር ላይ ብርዱ እንዴት ነበር?» ሲል ጠየቃት።

«ጨርጨርን አላየሁትም፣ አባዬ። ባቡሩ የሚመጣው በረሃ በረሃውን ነው።»

አባቴ ግራ ተጋብቶ ፊቷን አየ። «ታዲያ» አለ፣ «የመጣሽው ከየትኛው ድሬዳዋ ነው?»