ጽዋው ቤታችን የገባበት ወር

ያን ሰሞን ባጃጄ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሎ ጋራዥ ቆሞ ነበር። ወልድያ ድረስ ሄጄ መለዋወጫ ዕቃውን ብጠይቅ «ይመጣል» ከማለት በቀር የሚሸጥልኝ አጣሁ። በከተማችን በመርሳ ባጃጅ የሌለው የባጃጅ ሹፌር ማለት ቀኑን ሙሉ አስፋልት ዳር ተቀምጦ የሌሎችን አነዳድ የሚተች ሰው ነው። እኔም ይህን ሥራ በትጋት ያዝኩት። ደመወዝ ባይኖረውም ሰዓት አከብር ነበር።

በዚህ ላይ የሚካኤል ማኅበራችን ተራ ደረሰብኝ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ከአባላቱ በአንዱ ቤት ይደገሳል። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው በጽዋው ይቀመሳል። ሲያበቃ ቀጣዩ ባለተራ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ የወሰደ ሰው መጪውን ወር ይደግሳል።

እንደ ድሮው ዳቦና ጠላ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እኛ ማኅበር ግን ባለሱቅና ሹፌር በዝቶ ነገሩ ፉክክር ሆነ። አንዱ በግ ካረደ ቀጣዩ ሁለት ያርዳል፣ አንዱ ቢራ በሳጥን ካወረደ ሌላው ድንኳን ይተክላል። እውነቱን ለመናገር የሌላው ተራ ሲሆን ስበላ ምንም ቅሬታ አልነበረኝም። ነገሩ የከበደኝ የራሴ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ጽዋው ለእኔ በሚተላለፍበት ዕለት «ለጊዜው ይለፈኝ» ልል ቃሌን አሰናድቼ ሄድኩ። ሙሴያችን፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ጽዋውን ይዘው ተነሡ። እኔ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች፤ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸው። እልልታው ቀለጠ። የተከፈተ አፌን በእንጀራ ዘጋሁት።

መንገድ ላይ ግን አልቻልኩም።

«በምን ልትደግሺ ነው?» አልኳት።

«እሱ ያውቃል።»

«እሱስ ያውቅ ይሆናል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ።»

«አንተ ካላወቅህ ይቀራል እንዴ?»

ወንጌሉ ስለ ሰማይ ወፎች የሚለውን ልታነሳብኝ ስትል «ወፍ ማኅበር አያወጣም» አልኳት። ጽዋው እንዳይወድቅባት ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ መንገድ መሐል ቆማ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የተናደድኩ መስሎኝ ነበር እንጂ ፈርቼ ነበር። ድህነቱ ከራሴ ጋር እስካለ ድረስ እችለዋለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መቅረቡ ነው ያስፈራኝ።

ድግሱ ሲቃረብ ባለቤቴ ጋኑን አጥና ጌሾ ዘፈዘፈች።

«እህሉስ?» ስላት፣ «ጥንስሱ ለጊዜው ከጌሾና ከውኃ ሌላ አይፈልግም። ባለን እንጀምር» አለች። እሷ በጀመረችው ልክ ትተኛለች፤ እኔ በቀረው ልክ እገላበጣለሁ። የጌሾው ሽታ አጥር አልፎ ሰፈሩን ሲያዳርስ ከዚያ በኋላ «የለንም» ማለት እንደማይቻል ገባኝ። ጆንያው ሥር ከቀረችው ማሽላ ገሚሷን ለጠላው አደረገቻት፤ ለዳቦው ደግሞ ያለችንን ስንዴ በቀሪዋ ማሽላ ዱቄት አበዛቻት።

በዕለቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸለይኩ። ጸሎቴ ዛሬም ያስቀኛል። ዝናብ ነበር የለመንኩት። ሰማዩ ጠቆር ብሎ ስላየሁ «አምላኬ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ጣለውና ግማሹ ሰው ይቅር» አልኩ። ከቅጥሩ ስወጣ ፀሐይዋ ፏ ብላለች። ሁሉም መጡ። በየወሩ ምክንያት የሚያበዙት ሳይቀሩ መጡ።

ያቀረብነው አንድ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ፣ ሽሮና ከጓሯችን የተለቀመ ማንጎ ነበር። ጸሎት ደርሶ ዳቦው ሲቆረስ አንዳንዶቹ ወደ ጓዳ አየት አደረጉ። የሚከተል ነገር እንደሌለ እኔ ነበርኩ የማውቀው። ተነሣሁና «ያለን ይህ ነው። ጓዳውን አትዩት፣ እሱም እንደኛው ነው» አልኩ።

ሙሴያችን ጠላውን ጨልጠው ጺማቸውን ጠረጉ።

«እሰይ» አሉ። «ማኅበር ሄጄ ጠላ ጠግቤ ከጠጣሁ ስንት ዘመኔ። በቢራ ሆዴን ስትነፉት ከርማችሁ።»

ሳቁ ገና ሳያልቅ፣ ከኔ ቀጥሎ ባለተራ የነበረው መካኒክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ዛሬ የመጣሁት ልሰናበታችሁ ነበር» አለ። «በግ ከየት አመጣለሁ ብዬ ከማኅበሩ ልወጣ ቆርጬ ነበር። እንዲህ ከሆነማ ዳቦና ጠላ አያቅተኝም። ጽዋውን ስጡኝ።»

ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት ባልቴት ከወዲያ ተነሡ። «የለም ልጄ፣ አቅም አጥቼ ተራዬን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ የኔ ይቅደም» አሉ። አንድ ጽዋ ለሁለት ተያዘ። እኔ ልሸሸው በነበረው ጽዋ ሰው ሲሻማበት ቆሜ አየሁ። ሙሴያችን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ለባልቴቷ ፈረዱ፤ መካኒኩም የቀጣዩ ቀጣይ ወር የእሱ እንዲሆን አስማለና ተቀመጠ። ባለቤቴ እልል ስትል ደረቴ ውስጥ የቋጠርኩት ነገር ሲፈታ ተሰማኝ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ያ የለመንኩት ዝናብ ዘንቦ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሳስብ እስከዛሬ አመሰግናለሁ።

በማግስቱ ባጃጁ እዚያው እንደቆመ ነበር። ባለቤቴ ጋኑን ስታጥብ እጇን ገታ አደረገችና፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ይኼ ባጃጅ ግን መቼ ይነሣ ይሆን?» አለች። ድምፅዋ ደከም ያለ ነበር። ለካ እሷም ትጨነቅ ኖሯል።

«እሱ ያውቃል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ቃሌን ወሰድክብኝ?»

«ዛሬ የኔ ተራ ነው» አልኳት።