የሰፋው ቱቦ

ሰፈሩ «ጸጥ በሉ» ይለው ነበር። መካኒክ ነው። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ ከዚያ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ጸጥ በሉ» ይላል። ያን ጊዜ ጎሚስታው የንፋስ መሙያውን ያጠፋል፣ ሻይ ሻጯ ሬዲዮኗን ትቀንሳለች፣ እኔም መዶሻዬን አስቀምጣለሁ። እኔ ባትላሜራ ነኝ፤ የተጨራመተ የመኪና ገላ እየቀጠቀጥኩ አቀናለሁ። የእኔን ጋራዥና የእሱን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበር። በዚያ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረናል።

በወጣትነቱ የወፍጮ ሞተር ጠባቂ ነበር። ሥራው ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዘይት ማጠጣት ብቻ ነው። ሌላ የሚሰማው ነገር ስላልነበረ ሞተሩን መስማት ተማረ። ጋራዥ ከከፈተም በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ሦስተኛው ቫልቭ» ወይም «የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ» ይላል። ሲፈታ ያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ባለ መኪና ነገሩን ንቆ ሌላ ጋራዥ ሄደና ከሳምንት በኋላ መኪናውን በገመድ አስጎትቶ ተመለሰ። ጸጥ በሉ ከወንበሩ ሳይነሣ «ያን ዕለት እንኳ በእግሯ ነበር የመጣችው» አለው። ሰፈሩ ይህን ቀልድ ለዓመታት ሲቀባበለው ኖረ። ኩሩ ሰው ነበር። ግን ባልሠራው አይኮራም።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ የቀረችው አንዲት ሴት ልጁ ናት። ትዳሯ አልሰምር ብሎ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። በአንዲት አሮጌ ቫን የታሸገ ውሃ እየጫነች ዳገቱ ላይ ላሉት ሱቆች ታከፋፍል ነበር። ጠዋት አብረው ይወጣሉ፣ ማታ አብረው ይበላሉ። ከዚህ የበለጠ ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም።

የቫኗ ሞተር ግን አረጀ። ዘይት ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ያለከልካል፣ በመጨረሻ አንድ ቀን ጨርሶ ቆመ። በዚያው ሰሞን አንድ የጭነት ድርጅት ልጅቷን ለረጅም መንገድ የከባድ መኪና ሹፌርነት ጠይቋት ነበር። ከሄደች ወር፣ ሁለት ወር አትመለስም። ለአባቷ በግልጽ ነገረችው፤ ቫኗ ከተነሣች ትቀራለች፣ ካልተነሣች ትሄዳለች። እሱ ለእሷ መልስ አልሰጣትም። ወደ እኔ መጥቶ ግን «በስተርጅና ከግድግዳ ጋር እራት ልበላ ነው?» አለኝ።

ሞተር ፍለጋ አሮጌ መኪና የሚፈታበትን ቦታ ሁሉ ዞረ። ያገኘው የዚያው ፋብሪካ ሥራ ሆኖ ከቫኗ ሞተር አንድ ደረጃ ከፍ የሚል ነው። ጥሩ ሞተር ነበር። ኮምፒውተሩንና የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶታል። ስለዚህ ትልቁን ሞተር ከነኢንጀክተሮቹ ገጠመና የቫኗን የዱሮ ኮምፒውተርና የዱሮ ሴንሰር አስገባለት።

መኪና ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ልንገረው። ሴንሰሩ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን እንግዳ የሚቆጥር ሰው ነው፤ እንግዳው አየር ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ሰምቶ ይህን ያህል ጭልፋ ሾርባ ይቀዳ ብሎ ያዛል። ኢንጀክተሩ ጭልፋው ነው፤ ሾርባው ደግሞ ቤንዚን። አዛዡ የሚያውቀው የዱሮውን ትንሽ ጭልፋ ነው፤ አሁን የተያዘው ግን ትልቅ ጭልፋ ነው። ሾርባው በየሳህኑ ይትረፈረፋል። ቫኗም ስትነሣ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎችም ሲፈቱ በቤንዚን ርሰው ወጡ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኢንጀክተሮቹ ቆሻሻ መስሎት አራቱንም አውርዶ አጠባቸው። አራት እኩል የመድኃኒት ጠርሙስ ደረደረና አራቱ ኢንጀክተሮች በየጠርሙሱ ቤንዚን እኩል ጊዜ እንዲረጩ አደረገ። የአንዱ ከሌላው በፀጉር ያህል ሲበልጥ መልሶ ያጥባል። ሁለት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ የአራቱም ጠርሙሶች ቤንዚን በአንድ መስመር ቆመ፤ ጠርቶ አሳየኝ። «የአንድ እናት ልጆች» አለ። እውነት ነው፣ እርስ በርስ ተስማምተዋል። ከአየር መለኪያው ጋር ግን አልተስማሙም፤ ጭሱ እንደነበረ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ የከፈተው ሰው የእሱ ተማሪ ነበር። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ መኪና በላፕቶፕ ስለሚመረምር ሰፈሩ «ላፕቶፕ» ይለዋል። ጭሱን አይቶ መጣና የአዲሶቹን ኢንጀክተሮች መጠን ለኮምፒውተሩ እንንገረው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለው። ጸጥ በሉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦

«ሞተር ኮምፒውተር የሚፈልገው የሚሰማው ሰው ሲያጣ ነው» አለው።

ላፕቶፕ አልተከራከረም። «እሺ ጋሼ» ብሎ ተሻገረ።

በማግስቱ ጸጥ በሉ አንድ ልኬት በወረቀት ይዞልኝ መጣ። ሴንሰሩ የሚቀመጥበትን ቱቦ ከነበረው አስፍቼ በላሜራ እንድሠራለት ነው። ቱቦው ሲሰፋ አየሩ በሴንሰሩ አጠገብ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ሴንሰሩ ጥቂት አየር የገባ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ይቀንሳል። ጭልፋውን በመለወጥ ፈንታ ቆጣሪው እንዲዋሽ ማድረግ ማለት ነው። በብልሃቱ ተደንቄ ነበር፤ ይህን አልክድም። ቆርጬ፣ ጠቅልዬ፣ በይጄ ሰጠሁት። ሦስት ቱቦ ሠራሁ። በሦስተኛው ጭሱ ጠፋ።

ያን ዕለት ጣቱን ቀሰረ፤ ሰፈሩም ዝም አለ። ሞተሩ እንደ ተኛ ሕፃን ይተነፍሳል። ጎሚስታው ኮፈኑ ላይ ተደፍቶ «ተነሥታለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ለሙከራ ውሃ ጭነን ወደ ዳገቱ ወጣን። እሷ ትነዳለች፣ እሱ ከጎኗ ነው፣ እኔ ከኋላ ከውሃው ጋር ነኝ። የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ነዳጁን ረገጠችው። ትንሽ ቆይታ፦

«አባዬ፣ ይሄ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናጥ ያለው ምንድነው?» አለች ጮክ ብላ።

እኔ ምንም አልሰማሁም፤ እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚሰማ ጆሮዬን መዶሻው በልቶ ከጨረሰው ቆይቷል፣ ሰፈሩም ያውቀዋል። እሱ ለአፍታ ወደ ኮፈኑ አየ።

«የመሣሪያ ሣጥኔ ክዳን ነው» አለ። «ንጂ።»

እሱም አልሰማም ነበር። ይህን የነገረኝ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ ከጠፋበት አራት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋ፤ ቀጥሎ የስልክ ጥሪ። ሞተሮቹን ግን በልምድ፣ በመዳፉ፣ በሽታቸው፣ የሰውን ቃል ደግሞ ከከንፈሩ እያወቀ ነገሩን ሸፍኖ ቆየ። የእሱንም ጆሮ የበላው በቆርቆሮው በኩል ሲሻገር የኖረው የእኔ መዶሻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አንድም ቀን በአፉ አላነሣውም።

ቫኗ ሰባት ሳምንት ሠራች። የጭነት ድርጅቱ ሰው ደግሞ ሲጠይቃት አልመጣም ብላ መለሰችለት። ጸጥ በሉ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ እንዳይለወጥ ብዙ ጣረ፤ ተለወጠ። በስምንተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ በበረታችበት ቀን፣ ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። ልጅቷ ፍሬን ይዛ፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስቀምጣ፣ በእግሯ መጥታ ነገረችን።

የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ራሱ አወረደ፤ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። የሁለተኛው ፒስተን አናት ቀልጦ ተበስቷል፤ ስብርባሪው የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ማረሻ አርሶታል። ከዚያ ሞተር የሚተርፍ ነገር የለም፤ ሌላ ሞተር የመግዛት አቅም ደግሞ አንዳችንም የለንም።

ላፕቶፕ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። የሰፋውን ቱቦ አየ፤ ፒስተኑን አንሥቶ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ኮምፒውተሩ በሚነገረው የአየር መጠን ቤንዚኑን ብቻ ሳይሆን ካንዴላው የሚተኩስበትንም ሰዓት እንደሚወስን በቀስታ አስረዳን። ጥቂት አየር የገባ ሲመስለው ጭነቱ የቀለለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይተኩሳል። ሜዳ ላይ ግድ የለም። ዳገት ላይ ግን እሳቱ ገና ወደ ላይ የሚመጣውን ፒስተን ፊት ለፊት ይመታዋል። ይህን ብሎ፣ ሌላ ሳያስብ፣ መካኒክ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ አይጮህም ነበር? እንዲህ ያለው ነገር ሳያስጠነቅቅ አይበሳም። ጠጠር ጠጠር ይላል።»

ሁሉም ወደ ጸጥ በሉ ዞረ። ሰምቻለሁ ቢል ልጁን እያወቀ ወደ አደጋ ልኳል። አልሰማሁም ቢል የኖረበት ስም በዚያች ሰዓት ያበቃል። ጨርቁን አንሥቶ እጁን ይጠርግ ጀመር።

ልጁ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና ሳትል መለሰች።

«አይ፣ ምንም አልጮኸም። ጮሆ ቢሆን እኔ እሰማው ነበር።»

ላፕቶፕ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ገብቶታል። ፒስተኑን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አስቀመጠና «ይሆናል፤ አንዳንዴ ሳይጮህም ይሄዳል» ብሎ ወጣ። ሳይጮህ አይሄድም። እዚያ የቆምነው ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ላፕቶፕ ራሱ ነው።

አባትና ልጅ እራት ላይ የተባባሉትን ጸጥ በሉ እንደነገረኝ እጽፋለሁ።

«ሰምተሽው ነበር» አላት።

«ብላ አባዬ፣ ይቀዘቅዛል።»

«በየቀኑ ትሰሚው ነበር?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ ለምን አላቆምሽም?»

የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች።

«የመሣሪያ ሣጥኑ ነው አልከኝ። በሁለተኛው ቀን ሣጥኑን አወረድኩት፤ ድምፁ አልጠፋም። ግን አንተ ነሃ ያልከኝ። ካንተ ጆሮ ይልቅ የኔን ልመን?»

ብትቆጣው ይሻለው እንደነበር ነገረኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ሳህኑን አነሣች፣ አጠበች፣ ልብሷን በሻንጣ ከተተች። በሳምንቱ ሰኞ ለጭነት ድርጅቱ ልትነዳ ሄደች። ቫኗን ገላዋን ብቻ የሚፈልግ ሰው ወሰዳት፤ በሮቿን ቀጥቅጬ ያቀናሁለት እኔ ነኝ።

ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። መጥታ የምታድረው በሁለት ወር አንድ ጊዜ፣ አንድ ቀን ነው፤ ያንኑም ስትተኛ ትውላለች። እሱ ጋራዡን ዘግቷል። መኪና ይዞ የሚመጣውን ሰው «ማዶ ሂድ» ይለዋል፤ ምክንያቱን አይናገርም። ሰዎች ንቀት ነው ይላሉ፣ እሱም አያርማቸውም። አንድ ቀን ቱቦውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከጥፋቱ ድርሻዬን ስጠኝ አልኩት።

«አንተ የለካሁልህን ነው የሠራኸው» አለኝ።

ልጁ ከመንገድ ትደውላለች። ድምጿ ቀጭን ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያወጣዋል፣ ጆሮው ላይ ያደርገዋል፣ በየመሃሉ «ደህና ነኝ»፣ «እሺ ልጄ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ስትደውል አጠገቡ ነበርኩ። ረጅም ወሬ ነበር። ሁለቴ «እሺ» አለ፤ አንዴ ሳቅ አለ። ሲጨርስ ምን አለችህ ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

«እንጃ» አለኝ።