የአዳማ ቀትርና የጅብ ካሜራ

ሚልካ፣ ጅብ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳውን ካሜራ ለማሠራት ከባቱ አዳማ መጣች። ሽማግሌው ጠጋኝ ራሳቸው ሳይሞክሩ ካቻቢቴ አያነሱም። ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ በጠራራ ፀሐይ ከሱቃቸው ደጅ አስፋልቱ ላይ፣ ካሜራው ፊት እንደ ጅብ በአራት እግራቸው መዳህ ጀመሩ። ባጃጆች መንገድ ለቀቁላቸው። ካሜራው ግን ዝም አለ።

«ተበላሽቷል አይደል፣ አባባ?»

«ጤነኛ ነው። የሚለየው በሙቀት ነው፤ በዚህ ሐሩር እኔና አስፋልቱ አንድ ሆነንበት ነው» አሉና አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውሃ አናታቸው ላይ ደፍተው እንደገና ዳሁ።

ካሜራው ቀጭ አለ።

ሚልካ ፎቶውን ከፍታ አየችው፤ ከረባት ያሰረ፣ ዝናብ የመታው ጅብ ይመስላሉ። ልታጠፋው ስትል እጇን ያዙ።

«ተይው፣ ልጄ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ያየኝ ይኼ ብቻ ነው።»