በድስቱ አፍ ላይ ያለው ምልክት

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሱቅ ስገባ እንኳ ከኋላዬ የመጣው ቀድሞኝ ገዝቶ ይወጣል። ስልክ ግን አያፈጥብኝም። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ሆኜ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ የከፈትኩት ለዚህ ነው።

የምጽፈው ስለ እኛ፣ ስለ ሸክላ ሠሪዎች ነው። በጂንካ ዙሪያ በብዙ ቤት ወጥ የሚሠራው እናቴና ጎረቤቶቿ ባበጁት ድስት ነው። ድስቱን ተሸክመን ደጃፍ ደርሰን ውኃ ስንጠይቅ ግን በኩባያ የማይሰጠን ቤት ነበረ፤ አሁንም አለ። እጃችንን ገጥመን እንዘረጋለን፣ ከላይ ያፈሱልናል። ትምህርት ቤትም ኩባያው እየዞረ እኔ ጋ ሲደርስ ይዘለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቪዲዮ የእናቴን እጅ ብቻ ያሳያል። ጭቃውን ከማቡካት ጀምራ ድስቱን እስክትጨርስ ቀረጽኩና ከሥሩ ይህንኑ የውኃውን ነገር ጻፍኩ። ፊት የለም፣ ድምፅ የለም፣ ስም የለም። አስፈቅጃት ነበር፤ እጄን ምን ያደርጉታል ብላ ስቃ ሥራዋን ቀጠለች።

ቪዲዮው ካሰብኩት በላይ ዞረ። ከአካባቢያችን ከተሞች፣ ከገዘርም ከዲመካም፣ የሚጽፉልኝ ሰዎች መጡ። ስድቡም አብሮ መጣ። ስልክ የሚጠግንልኝ ልጅ ገጹን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። ስልክ ቁጥሬን እዚያው ላይ ትቼው ኖሯል፤ አስነሳኝ። ያለሁበትን ቦታ የሚናገረውን አጠፋልኝ። የይለፍ ቃሌ የተወለድኩበት ዓመት መሆኑን ስነግረው ደግሞ፣ “እህቴ፣ አንቺ በሩን ዘግተሽ መስኮቱን ከፍተሽ ነው የምትተኚው” አለኝ።

ለስድቡ መላ ያገኘሁት ግን ከጭቃው ነው። ድስት በተሠራበት ቀን እሳት አይገባም፤ እርጥቡን ካቃጠሉት ይፈነዳል። ጥላ ሥር ይሰነብታል። መልሴንም እንደዚያ አደረግኩ። የተናደድኩበትን ጽፌ አስቀምጣለሁ፣ ሲደርቅ አነበዋለሁ። አብዛኛው ተሰንጥቆ ይጠብቀኛል፤ እሱን እጥለዋለሁ። ደህና የቆየውን እለጥፈዋለሁ። ጭቃ ስይዝ ደግሞ ስልክ አልነካም፤ በጭቃ እጅ ልንካው ብል እንኳ እሺ አይለኝም።

እንዲህ ስሠራ ከቆየሁ በኋላ አንድ መልእክት መጣ። እናቴ ገበያ ላይ ከድስቶቿ ኋላ ተቀምጣ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ከሥሩ፣ “እናትሽ የት እንደምትቀመጥ አውቀናል፤ አርፈሽ ተቀመጪ” ይላል።

እንዴት አወቋት? ቪዲዮውን መልሼ አየሁት። መጨረሻው ላይ እናቴ አውራ ጣቷን በድስቱ አፍ ዙሪያ አጠጋግታ እየተጫነች ትዞራለች። እኛ ዘንድ ሁሉም ሴት ሥራዋን የምትጨርስበት የራሷ ምልክት አላት። አንዷ በጥፍሯ ትጭራለች፣ አንዷ ትቆነጥጣለች። ገዢውም የወደደውን ድስት ሠሪ የሚፈልገው አፉን አይቶ ነው። ፊት ደብቄ፣ ስም ደብቄ፣ ገበያው በሙሉ የሚያውቀውን ምልክት ግን አሳይቻለሁ።

ያ መቀመጫ እንጀራችን ነው። እናቴ እሱን ከለቀቀች ሌላ የምትሸጥበት ቦታ የላትም። ከዚያም በላይ፣ ከገበያ የምትመለሰው ብቻዋን ነው። ገጹን ላጠፋው ተነሳሁ። ስልክ ጠጋኙ ልጅ መልእክቱን እንዳላጠፋው መከረኝ፤ ፎቶውን አስቀምጠን አብረን ሄደን ለፖሊስ አስመዘገብን። ከዚያ ለእናቴ መንገር ቀረ።

ነገርኳት። ድስቷን እያለሰለሰች ሰማችኝና፣

“ስንት ሰው አየው?” አለች።

“ብዙ።”

“ከዚያ ሁሉ ሰው ድስት የፈለገ የለም?”

ላለቅስ ስል ሳቄ መጣ። ገጹን ልዘጋው መሆኑን ስነግራት በእጇ የያዘችውን እርጥብ ድስት አስቀመጠች።

“የእኔን ምልክት ብቻ ነው ያሳየሽው” አለች። “ብቻዬን ያገኙኝም ለዚህ ነው።”

በማግሥቱ ጎረቤቶቿን የየራሳቸውን ምልክት እንዲያስቀርጹ እየዞረች አነጋገረች። አንዷ ባሏን ፈርታ አልፈልግም አለች፤ አላስጨነቅናትም። ሌሎቹ እሺ አሉ። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ደግሞ ፊቴንም አንሺው፣ ካረጀሁ በኋላ ማን ይሰርቀኛል ብላ አስቸገረችኝ። እጅ ብቻ አልኩ። እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች። ሁለተኛው ቪዲዮ የእጅ ሰልፍ ሆነ፤ የሚጭር፣ የሚቆነጥጥ፣ የሚጫን። ከዚያም ገበያው ላይ ተበታትነው ይቀመጡ የነበሩት በአንድ ረድፍ ተቀመጡ፤ መሄዱም መመለሱም በጋራ ሆነ። እኔም ከመካከላቸው ተቀመጥኩ።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሰውዬ ስልኩን ከፍቶ መጣ። ፎቶውን የላከው እሱ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። አንድ ድስት ያነሳል፣ ስልኩን ያያል፣ ይመልሳል፤ ቀጥሎ ያለውን ያነሳል። እናቴ ጋ ደረሰ። የእሷንም አየ፣ የጎረቤቷንም አየ፤ የሁሉም ምልክት ስልኩ ላይ በከፈተው ቪዲዮ ውስጥ አለ።

“የምትጽፈው የማን ልጅ ናት?” አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው።

“የምትፈልገው ድስት ነው ወይስ ሰው?” አለችው። “ሰው አንሸጥም።”

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። የሚያልፉትም ቆሙ። ሰውዬው ባዶ እጁን መመለስ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ትንሿን ድስት ዋጋ ሳይከራከር ገዛ። የወሰዳት የእናቴን ነበር።

ከሄደ በኋላ አሮጊቷ ለምን እንዳልቀረጽኩት ጠየቀችኝ፤ ስልኬ እጄ ላይ ነበርና። እኔ የማንንም ፊት አላወጣም አልኳት። ማታ ስለዚያ ቀን ጻፍኩና እንዲደርቅ አስቀመጥኩት። ሳይሰነጠቅ ስለቆየ ለጠፍኩት።