ልጄ ተደፍታ የተኛችባቸው ሰባት ቀናት

የመታት ሰው ጣቱ ላይ ቀለበት ነበረው። ሐኪሟ ከቅንድቧ በታች ያለውን ቁስል አይታ ነው ያወቀችው። ሁለት ጊዜ መታት፤ ሁለቱም ግራ ዓይኗ ላይ።

ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከጃፓን ከተመለሰች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። እዚያ በአንዲት ትንሽ ከተማ አራት ወር ሕፃናትን እንግሊዝኛ ስታስተምር ቆይታለች። መሰንበት ትፈልግ ነበር። ለፋሲካ ነይ ያልኳት እኔ ነኝ።

ጃፓን ሰው ባቡር ውስጥ ይተኛል ትላለች። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ አሮጊቷ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸው ተከፍቶ ይተኛሉ። ማንም አይነካቸውም። እሷም ለመደች። ዌስተን ሰፈር ካለው ቤታችን ወጥታ በከተማው ሌላ ጫፍ ዳንፎርዝ ያለች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ስትሄድ፣ በጠራራ ፀሐይ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ አንድ ሰው ቦርሳዋን ይጎትታል። አልለቀቀችም። መታት። አሁንም አልለቀቀችም። ደግሞ መታት፤ ቦርሳውን ነጥቆ ወረደ። ፖሊስ እስከ ዛሬ አላገኘውም።

"ለምን አልለቀቅሽለትም?" አልኳት ሆስፒታል።

"የእኔ ነዋ፣ እማ።"

በዓይኗ ውስጥ በስተጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ተላቆ ነበር። ሐኪሟ መልሳ አጣበቀችውና ዓይኗ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠፋ አየር ሞላች። አየር ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ልጄ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ መቆየት አለባት፤ አየሩ ወደ ዓይኗ ጀርባ ወጥቶ ሽፋኑን ተጭኖ እንዲይዘው። "በጀርባዋ እንዳትተኛ" አለች ሐኪሟ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። "ከተኛች ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።"

ወንድሟ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እዚሁ በስደት አገር የተወለደ። የሶፋውን ትራስ በዳቦ ቢላዋ ወጋግቶ ለፊቷ ቀዳዳ አወጣበት። ከሚያስፈልገው በላይ ነው የወጋው። ትራሱን በሁለት ዱካዎች ላይ ዘርግቶ ከአልጋዋ ራስጌ አስጠጋው። እኔ ሥሩ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ፊቷ በቀዳዳው ይታየኛል። አንዱ ዓይን ተሸፍኗል፤ ጉንጯ ጠቁሮ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ ምራቋ ይንጠባጠባል። አጥሚት ሠርቼ በስትሮ አጠጣኋት።

በመጣች ዕለት ስለ ጃፓን የነገረችን ሌላ ነበር። ብስኩት ሲሰጧቸው አንገታቸውን ደፍተው እጅ የሚነሱ አጋዘኖች፤ ብቻቸውን ትምህርት ቤት የሚሄዱ የስድስት ዓመት ልጆች፤ ከፉርጎ በወጣ ቁጥር ለተሳፋሪው ጎንበስ የሚል ነጭ ጓንት ያደረገ የባቡር ሠራተኛ። ተደፍታ ከተኛች በኋላ ግን የምታወራው ስለ ምት ብቻ ሆነ።

"እባብ የሚመስል ዓሣ አለ፣ እማ። በሕይወት እያለ ከእንጨት ጋር በወስፌ ይቸነክሩታል፤ እዚህ፣ ዓይኑ አጠገብ። ከዚያ ጀርባውን ይሰነጥቁታል። የአራጁ ክንድ ላይ እየተጠመጠመ ነው የሚሰነጥቁት።"

"ስቶፕ!" አለ ወንድሟ ከኩሽና።

"በከሰል ጠብሰው ሩዝ ላይ ሰጡኝ። በጣም ይጣፍጣል።"

"ቅርፊት አለው?" አልኳት።

"የለውም።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደማይበላ እያወቅሽ!"

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ?" አለ ወንድሟ። "ዓይኗ ሊጠፋ ነው፤ አንቺ ቅርፊት ትቆጥሪያለሽ?"

ትራሱ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። "አታስቁኝ፤ ያመኛል" አለች።

በማግሥቱ ስለ ሩዝ ሊጥ ነገረችኝ። ትኩስ ሩዝ ትልቅ ሙቀጫ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ወንዶች በእንጨት መዶሻ ተራ በተራ ያወርዱበታል። በሁለቱ ምቶች መካከል አንዲት አሮጊት እጇን አስገብታ ትገለብጠዋለች።

"ከሳተችስ?"

"አትስትም። እየጮኹ ይቆጥራሉ።"

ከዚያ ደግሞ ትግል። ጠዋት ልምምድ ሲያደርጉ አይታለች። ትልቁ ታጋይ ትንሹን ሃያ ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። ልጁ ፊቱ አፈር እስኪለብስ፣ ማልቀስ እስኪጀምር ጣለው። በመጨረሻም ልጁ ተነስቶ ለጣለው ሰው ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፤ ከዚያም ሄዶ ምሳ ሠራለት።

"እኔም ማመስገን ነበረብኝ?" አለችኝ። ምራቋን ጠረግሁላት።

እኔም በእነዚያ ቀናት ንጹሕ አልነበርኩም። ስጸልይ የዚያ ሰው እጅ ይሰበር ብዬ ለመንኩ። ደገምኩት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠራሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ።

በአራተኛው ቀን ልጄ ከአጥሚቱ ጋር ብርጭቆውን ወረወረችው። ግድግዳው ላይ ተሰበረ። "ነይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!" ብላ ወደ ወለሉ ጮኸች። "እዚያ ማንም አልነካኝም! አራት ወር ማንም!" ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ግድግዳውን በቡጢ መታው። የኪራይ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ እጁ እስከ አንጓው ገባ።

"ግድግዳውስ ምን አደረገህ?" አለች ከትራሱ ሥር።

ስብርባሪውን ለቀምኩ። ጣቴን ቆረጠኝ፤ አልተናገርኩም።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሥራ ሄዶ ነበር። ልጄ የሕመም ማስታገሻዋን ውጣ ተኛች። ትንፋሿ ማንቁርቷ ውስጥ ኸር ኸር ይል ጀመር፤ እንደሚታነቅ ሰው። በአገራችን ሰው ተደፍቶ የሚተኛው ክፉ ሲደርስበት ነው። ልጄን እንዲያ ማየት አቃተኝ። ለጥቂት ብቻ አልኩ። ትከሻዋን ይዤ በጀርባዋ ገለበጥኳት፤ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ትንፋሿ ተስተካከለ። ግንባሯን እየዳሰስኩ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል ሆነ።

ወንድሟ በሩን ከፍቶ አየን።

"ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ!"

ትከሻዬን ይዞ ወረወረኝ። ጀርባዬ ከዱካው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ አየር አጠረኝ። እስከዚያ ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። እህቱን ገለበጣት፤ ፊቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ። ከዚያ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የራሱን ራስ በጡጫ መምታት ያዘ። እጁን ይዤ አስቆምኩት።

"ለዶክተሯ አንነግርም" አለ። "ለእሷም አንነግርም። ፕሊስ፣ ማሚ።"

እሺ አልኩ። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

አየሩ ከዓይኗ ሟሽሾ እስኪያልቅ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ ቀኝ ዓይኗን ሸፍና ጣት አሳየቻት። ፊት ለፊት ስታሳያት ቆጠረች። ወደ ቀኝ ስትወስደው ቆጠረች። ወደ ግራ ስትወስደው ልጄ ዝም አለች። ሐኪሟ ጣቷን አወዛወዘች። ልጄ መጠበቋን ቀጠለች፤ ጣቱ ገና ያልመጣ መስሏት።

"ሽፋኑ ይዟል" አለች ሐኪሟ። "በግራ በኩል ያለው ግን አይመለስም።"

ተመስገን አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ ግን መሸከም አልቻልኩም። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ። አምስተኛው ቀን፤ በጀርባዋ፤ አንድ ሰዓት፤ እኔ። ወንድሟ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"በዚያ ይሁን በምቱ ማንም ሊነግርሽ አይችልም" አለችኝ ሐኪሟ። "ምቱ ከባድ ነበር።"

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። በግራዋ ስለነበርኩ፣ እኔን ለማግኘት ዓይኗን ብቻ ሳይሆን አንገቷንም ማዞር ነበረባት።

"ነቅቼ ነበር፣ እማ" አለች።

"መቼ?"

"ስትገለብጪኝ። ነቅቼ ነበር። ተይ ማለት እችል ነበር። ግን ጣራውን ማየት ፈለግሁ። እጅሽንም።"

ወንድሟ እጁን ከፊቱ አወረደ። "አንድ ሰዓት ሙሉ? ዩ አር ክሬዚ" አላት።

"አንተ ደግሞ እናትህን ወረወርክ" አለችው። "ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ይቅርታ ጠይቃት።"

ጠየቀኝ። እዚያው፣ ሐኪሟ ፊት፣ ጉልበቴን ይዞ። ጀርባዬ ለሳምንታት አሞኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልተሰማኝም።

ስንወጣ መንገዱ ዳር በግራዋ ቆምኩ። መኪናዎቹ ከዚያ በኩል ነበር የሚመጡት። እሷ አታያቸውም፤ እኔ አያቸዋለሁ። አሁንም አብረን ስንሄድ በዚያ በኩል ነኝ።