በሁዳዴ የጨመረችው ኪሎ

ስፖርት በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ሁለት ኪሎ ጨመረች። የመጀመሪያው ምልክት ይሄ ነበር። ምልክት መሆኑን ግን አላወቅንም።

እኔ ቢቸና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ባለቤቴ የሺ ደግሞ በወረዳው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሉን። ጥምቀት እንዳለፈ አንድ ቀን፣ «ሰውነቴ ከብዶኛል፤ ደረጃ ስወጣ ያለከልከኛል» አለችኝ። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ በሙያዬ ልረዳት ነው። ፕሮግራም አወጣሁላት። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሡ በደብረ ወርቅ መንገድ አርባ ደቂቃ ፈጣን እርምጃ፣ ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብድግ። ስኳር ቀረ፣ ዳቦ ቀረ፣ የማታ እንጀራ ቀረ። ሚዛንም ከደብረ ማርቆስ አስመጣሁ።

ስትጀምር ሰባ አንድ ኪሎ ነበረች። ሰባ ሦስት ስትሆን፣ «አትደንግጪ፤ ስፖርት የጀመረ ሰውነት ውኃ ይይዛል፤ ጡንቻም ይከብዳል» አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ይስተካከላል። የሺ ላይ ግን አልተስተካከለም። በአምስተኛው ሳምንት ሰባ አምስት ገባች፤ በሰባተኛው ሰባ ሰባት።

በዚህ መሀል ሁዳዴ ገባ። የሺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሰው ናት። መሥሪያ ቤት ውስጥ «በጾም የሚወፍር ሰው ዘንድሮ አየን» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። ቤት ስትገባ ሳቅ እያለች ነገረችኝ። እኔ አልሳቅሁም። ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር።

«የሺ፣ ከእኔ ተደብቀሽ የምትበዪው ነገር አለ?»

«ሁለት ጉርሻ ስጎርስ ሆዴ ግጥም ይላል። እንዴት አድርጌ ነው ተደብቄ የምበላው?» አለች።

አላመንኳትም። በማግስቱ ልብስ ልታጥብ ጓሮ ስትወጣ ቦርሳዋን ፈተሽኩ። በወረቀት የተጠቀለለ እፍኝ የማይሞላ ቆሎ አገኘሁ። ይዤው ወጥቼ፣ «ይሄስ?» አልኳት፤ ልጆቿ ፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘጠኝ ሰዓቱንም ምግብ እያጋመሰች ተወችው። እኔ ደግሞ ጠዋት እርምጃው ላይ አሥር ደቂቃ ጨመርኩ።

ለእያንዳንዱ ነገር መልስ ነበረኝ። ያልባታል፤ ስፖርት ነው። ይደክማታል፤ ስፖርት ነው። አመሻሽ ላይ ሰውነቷ ይተኩሳል፤ ብርድ ነው። ስትተኛ ያፍናታል፤ ሦስት ትራስ ደራርባ ቁጭ እንዳለች ታድራለች፤ ውፍረቱ ነው። አንድ ጊዜ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። እሷ ሳትናገር እኔ ቀድሜ፣ «እየወፈረች ነው፤ ምግብ ሲያልፍባትም ሆዷን ይነፋታል» ብዬ አስረዳሁ። የጨጓራ መድኃኒት ይዘን ተመለስን።

አንድ ጠዋት ዳገቱ ላይ ቆመች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አልቻልኩም» አለች።

«አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ተነሺ» አልኳት።

ተነሣች። ሄደች።

ለሆሳዕና ትንሿን ልጃችንን ይዛ ሞጣ ታላቅ እህቷ ዘንድ ሄደች። እትዬ ውድነሽ እንደ እናት ሆነው ያሳደጓት ናቸው። ፀጉሯን ሊያጥቡላት ሻርፗን ሲያነሡ፣ የአንገቷ አጥንት ፈጦ፣ ክንዷ እንደ ልጅ ክንድ ቀጥኖ አዩ። ሆዷና እግሯ ግን አብጠው ተወጥረዋል። እኔ ቁጥር ሳይ ነው የከረምኩት። እሳቸው ሰውነቷን አዩ። ወዲያው ስልክ ደወሉልኝ።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ እኮ አልወፈረችም፤ አልቃለች! እጇን አይተኸዋል? ሆስፒታል ይዣት መሄዴ ነው፤ ቶሎ ድረስ።»

በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ጉንደ ወይን ላይ አደርኩ። ሞጣ የደረስኩት በማግስቱ ረፋዱ ላይ ነው። የሺ አልጋ ላይ ወደ ፊት አጎንብሳ ተቀምጣለች። ኦክስጅን ተደርጎላታል።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። አጠገቤ ሆኖ ቅልጥሟን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ለቀቀው። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

«መምህር፣ ይሄ ስብ አይደለም። ውኃ ነው» አለኝ። ቀጥሎ የአንገቷን ደም ሥር አሳየኝ፤ ገመድ መስሎ ተገትሯል። «አልትራሳውንድ አይተናል። ልቧን የሚሸፍነው ከረጢት ፈሳሽ ሞልቶታል። ልቧ ታፍኖ መምታት እያቃተው ነው። ሆድና እግሯ ያበጠውም ከዚህ የተነሣ ነው።»

«ባሕር ዳር እንውሰዳት» አልኩ።

«አምቡላንስ አለ፤ መንገዱ ግን ዛሬ ዝግ ነው። የደም ግፊቷ እየወረደ ነው፤ እስከ ነገ የምትቆይ አይመስለኝም። ፈሳሹን በመርፌ እዚሁ መቅዳት አለብን።» የስምምነት ወረቀት እያወጣ ጨመረ። «እንዲያውቁት ነው፤ ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ሁለቱንም አስተማሪዬ አጠገቤ ቆመው ነው። አደጋ አለው።»

ወረቀቱን ሰጠኝ። ፈረምኩ።

ሊወስዷት ሲነሡ የሺ እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቅዟል። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል ነበር የምታወጣው።

«እንዳልበላሁ... አሁን... ታምነኛለህ?»

አዎ አልኳት። ወሰዷት።

እትዬ ውድነሽ በሩ ላይ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይጸልያሉ። እኔ መጸለይም አቃተኝ። ቆምኩ። አንዲት ነርስ አንድ ጊዜ ወጥታ ተመልሳ ገባች። ፊቷን አይቼ ምንም ማወቅ አልቻልኩም።

ሐኪሙ ሲወጣ ጋውኑ በላብ ርሷል። ዘጠኝ መቶ ሚሊ ሊትር ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ቀድቷል። «ግፊቷ ተመልሷል» አለና ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ባሕር ዳር ተላክን፤ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች፣ ፈሳሹም ተመረመረ። የልብ ሽፋን ቲቢ ነው ተባለ፤ ሐኪሞቹ «ቲቢ ፔሪካርዳይትስ» ይሉታል። አንድ ቀን አስሏት እንደማያውቅ ስነግራቸው አንዲት ስፔሻሊስት፣ «ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው። ሰውነቷን ሲያከሳት ከርሟል፤ ውኃው ደግሞ ክሳቱን ሸፍኖታል» አሉኝ። የቲቢውን መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የብግነት ማብረጃና ውኃ የሚያስወጣ ኪኒን ጀመረች። ሰባ ዘጠኝ ኪሎ ሆና ነበር የገባችው። ውኃው በየቀኑ እየወጣ እብጠቱ ሲያልቅ ስልሳ አንድ ሆነች። ያኔ ነው ባለቤቴን በትክክል ያየኋት፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ነበር።

መድኃኒቱ ስድስት ወር ፈጀ፤ ሽንቷ ብርቱካን እየመሰለ፣ መገጣጠሚያዋን እየቆረጠማት፣ ምግብ ሲቀርብ ከሽታው ፊቷን እያዞረች፣ ፕሬድኒሶሎኑ ፊቷን ሲያሳብጠው ደግሞ «አሁንም ወፈርኩ ልትል ነው?» እያለች እየጠየቀችኝ። ቀስ በቀስ ግን አንድ ትራስ ቀንሳ፣ ከዚያም ሁለተኛውን ቀንሳ፣ በኋላ ቀጥ ብላ መተኛት ጀመረች። እኔና ልጆቹም ተመርምረን ነፃ ሆነናል። ሥራዋን ጀምራለች፤ ገበያ በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች። ያም ሆኖ ድናለች ብዬ አላታልላችሁም፤ አልዳነችም ማለትም አልችልም። የልቧ ሽፋን ትንሽ ወፍሮ ቀርቷል፤ በየስድስት ወሩ ኢኮ ትነሣለች፤ እየጠነከረ ከሄደ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ብለውናል። ቀጠሮው ሲቃረብ ሁለታችንም ትንሽ ነገር ያስቆጣናል።

ያን ወጣት ሐኪም እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። የማያውቀውን አውቃለሁ ሳይል፣ ፈራሁ ብሎም ሳይተዋት አዳነልኝ። እትዬ ውድነሽንም ሳላመሰግን አላልፍም፤ እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

ስፖርትና የምግብ ቁጥጥር ጀምራችሁ ኪሎ ብትጨምሩ ወዲያው አትደንግጡ። ነገር ግን በየሳምንቱ እየጨመረ ከሄደ፣ እግር ካበጠ፣ ስትተኙ ካፈናችሁ፣ አመሻሽ ላይ ትኩሳትና ላብ ካለ፣ ሆድ እያደገ ክንድ ከቀጠነ እርምጃውን አቁማችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ታማሚዋ ራሷ ትናገር፤ አስታማሚ ቀድሟት አይናገርላት።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበበችው የሺ ናት። ጨርሳ መለሰችልኝና፣ «አንድ ነገር ጎድሎታል። በመጨረሻ አመንኳት ያልክ ትመስላለህ። አንተን ያሳመነህ እኮ አልትራሳውንዱ ነው» አለች።

ልክ ናት። እናንተ ግን ማሽኑን አትጠብቁ።