ዱላህን አትጣል

መቼ እንደጀመርነው በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ ባሕር ማዶ፣ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ከገባን በኋላ ነው። ሰመር ሲመጣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ቤዝቦል እናይ ነበር።

“ይሄ የእኛው የገና ጨዋታ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ተበላሸ እንጂ” ይላሉ። ተጫዋቹ ኳሷን መትቶ፣ ዱላውን ጥሎ ሲሮጥ ግን ብድግ ይላሉ።

“አንተ! ዱላህን አትጣል! እሩሯ ተመልሳ ስትመጣብህ በምን ልትመታት ነው?”

“ጋሼ፣ ሕጉ ነው እኮ።”

“ሕጉን ያወጣው ዱላ የከበደው ሰው ይሆናላ!”

እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጉልበቴ ከዳኝ። ከዘራቸው በሩ ጥግ ቆማ ቀረች። አግዳሚው ላይ ብቻዬን መቀመጡን ሳስበው ስለሚደክመኝ ከቤት መውጣቱንም ተውኩት።

ባለፈው እሑድ ልጃቸው ቤተልሔም መጣች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። የአባቷን ከዘራ አስጨብጣኝ፣ ደግፋ ሜዳው ድረስ ወሰደችኝና በአባቷ ቦታ ተቀመጠች። ተጫዋቹ መትቶ ሲሮጥ ብድግ አለች።

“አንተ! ዱላህን አትጣል!” ብላ በአማርኛ ጮኸች።

ልጁ ምንም ሳይገባው ሮጠ። እኔ ግን ከዘራዋን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ከቤት ያወጣችኝ እሷ ናት፤ ቤተልሔም።